ያልተጻፈ ተውኔት፦ የቅጽበት ጨዋታዎችና ልምምዶች ታሪክ

የምሕንድስና ሙያ ከሁሉ አስቀድሞ የእቅድ ሙያ ነው። መሐንዲስ መሬት ከማስቆፈሩ በፊት ይለካል፤ ከለካ በኋላ ያሰላል፤ ካሰላ በኋላ ይነድፋል፤ ንድፉ ተመርምሮ ሲጸድቅ ብቻ ሥራው ይጀመራል። «መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው» የሚለው የእናቶቻችን ምክር ከማድቤት ይልቅ በንድፍ ክፍል ይሠራል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ እንዲህ ባለ ሙያ ማኅበር መጽሔት ላይ ያለ ጽሑፍና ያለ ልምምድ በቅጽበት ስለሚፈጠር ተውኔት፣ ይልቁንም ተዋንያን ለዚሁ ሲዘጋጁ ስለሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ታሪክ ማቅረብ ለብዙው አንባቢ እንግዳ ነገር መስሎ መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ይህ ጸሐፊ ወደ ጉዳዩ እንዴት እንደ ደረሰ አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

ከዓመታት በፊት፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ጊዜ፣ በበጋ በሚደርቅ ወንዝ ላይ የሚሠራ አነስተኛ ድልድይ እንድቆጣጠር ተመድቤ ነበር። የአንደኛው ምሰሶ መሠረት ሲቆፈር፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ዕድሜ የሚስተካከል ፎርማን ከጉድጓዱ ከንፈር ቆመው፣ «ኢንጂነር፣ ይህ አሸዋ ውሃ የሄደበት አሸዋ ነው፤ ወደ ላይ አንድ ጉድጓድ ብናስቆፍር ምን አለበት?» አሉኝ። እኔም ሥዕሉን እንደ ዘረጋሁ ቀና ሳልል፣ «ጋሼ፣ የአፈር ምርመራው አላሳየም፤ ሥራውን ይቀጥሉ» አልኳቸው። በአራተኛው ቀን በወንዙ ራስጌ ዝናብ ጣለ። ውሃው አሮጌ መንገዱን አስታውሶ መጣ፤ ጉድጓዱን ሞላ፤ ካሳፎርማውን ነቅሎ ወሰደው፤ የታሠረውን ፌሮ በደለል ቀበረው። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም። የጠፋውም የሥራ ጊዜ በኋላ ተካክሷል። ያልተካካሰው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ እኒያ ፎርማን «እሺ» ከማለት በቀር አንድም ሐሳብ ሳያቀርቡልኝ ሥራው ማለቁ ነው። ውሃው ያደረሰውን ጥፋት በሂሳብ አስልቼ ሪፖርት አድርጌአለሁ፤ ዝምታው ያደረሰውን ግን የማሰላበት ቀመር አልነበረኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ተቆጣጣሪዎች በተሰጠ አጭር ሥልጠና ላይ መምህሩ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ካስጠጉ በኋላ፣ ሁለት ሁለት ሆነን ፊት ለፊት እንድንቆምና አንዳችን የሌላችንን እንቅስቃሴ እንደ መስተዋት እንድንመልስ አዘዙን። ከረባት ያሰርን ሰዎች እጃችንን እያወዛወዝን ስንተያይ ኃፍረት ተሰማን፤ ሳቅንም። ሆኖም ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ነገር ተገነዘብሁ፤ ያን ያህል ጊዜ የአንድ ሰው ፊት ላይ ዓይኔን ጥዬ አላውቅም ነበር። ይህን ጨዋታ ማን አሰበው? ለምን አሰበው? የሚለው ጥያቄ ወደ መጻሕፍት መራኝ። የሚከተለው የዚያ ፍለጋ ውጤት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲረዳልኝ እጠይቃለሁ።

የጥንቱ መንገድ

በኤውሮጳ ተዋናይነት ራሱን የቻለ የእንጀራ ሙያ መሆኑን ከሚመሰክሩት ሰነዶች ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1545 የካቲት ወር በኢጣልያኗ ከተማ በፓዶቫ የተፈረመ ውል ነው። ስምንት ሰዎች ማፊዮ በሚባል አለቃ ሥር ተሰባስበው ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወሩ ተውኔት ለማሳየት፣ ያገኙትን ገንዘብ በጋራ ሣጥን ለማስቀመጥና የታመመውን ለመርዳት ተስማሙ። እቁብንና እድርን ለሚያውቅ ለእኛ አገር አንባቢ የውሉ መንፈስ እንግዳ አይሆንበትም። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው የተወለደው የቴአትር ዓይነት «ኮሜዲያ ዴላርቴ» የሚል ስም ወጣለት፤ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህልም በኤውሮጳ አደባባዮችና ቤተ መንግሥቶች ሲታይ ኖረ።

የዚህ ቴአትር ተዋንያን በቃል የሚያጠኑት ሙሉ ጽሑፍ አልነበራቸውም። የነበራቸው የታሪኩ አጽም ብቻ ነው፤ ማን እንደሚገባ፣ ማን እንደሚወጣ፣ ማን ማንን እንደሚያታልል የሚያመለክት አጭር ማስታወሻ። ፍላሚኒዮ ስካላ የተባለው የመድረክ ሰው በ1611 በቬኒስ ከተማ ያሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያሉ ሃምሳ አጽሞችን ይዟል። ንግግሩን ግን ተዋናዩ በመድረኩ ላይ ቆሞ ይፈጥረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት መታረም አለበት። «በቅጽበት የሚፈጠር» ማለት «ያለ ዝግጅት የሚፈጠር» ማለት አይደለም። የኮሜዲያ ተዋናይ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ይኖር ነበር፤ አረጋዊውን ነጋዴ የሚጫወተው ሁልጊዜ አረጋዊ ነጋዴ ነው። በትርፍ ጊዜውም ለብቻው ተቀምጦ የፍቅር አቤቱታ፣ የቅናት ወቀሳ፣ የአባት ምክር የሚሆኑ ንግግሮችን ከየመጽሐፉ እየለቀመ በደብተሩ ይጽፋል፤ ያጠናል፤ ሰዓቱ ሲደርስ እንደ ሁኔታው እየለዋወጠ ያወጣቸዋል። መልካም የመጠባበቂያ ዕቃ ግምጃ ቤት ያለው ጥገና ክፍል ድንገተኛ ብልሽትን እንደሚቋቋም ሁሉ፣ የዚያ ተዋናይ ድፍረትም ከግምጃ ቤቱ የሚመነጭ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ካርሎ ጎልዶኒ የተባለው ደራሲ በጭምብልና በአጽም ፈንታ ሙሉ ጽሑፍ ያለው ተውኔት እያስለመደ ሲመጣ፣ ይህ ጥንታዊ ጥበብ ከዋናው መድረክ እየራቀ ሄደ።

ከስደተኞች ሰፈር የተነሣ ትምህርት

ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው ጨዋታዎች የተወለዱት ግን ከቴአትር ቤት አይደለም። የተወለዱት በአሜሪካዊቷ ከተማ በቺካጎ፣ ድኾችና ስደተኞች በተጨናነቁበት ሰፈር ነው። ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1889 በዚያ ሰፈር «ሀል ሐውስ» የተባለውን የማኅበራዊ አገልግሎት ቤት ከፈቱ። ከኢጣልያ፣ ከግሪክ፣ ከፖላንድ፣ ከሩስያ የፈለሱ፣ እርስ በርሳቸው በቋንቋ የማይግባቡ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወደዚህ ቤት ያመጡ ነበር። አዳምስ በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተካፋይ መሆኗ የሥራዋን ስፋት ያመለክታል።

በዚሁ ቤት ከ1920 እስከ 1927 ኔቫ ቦይድ የተባለች መምህርት የመዝናኛና የቡድን ሥራ መሪዎችን የምታሠለጥንበት ትምህርት ቤት ይዛ ነበር። የቦይድ እምነት በአጭሩ እንዲህ ሊገለጽ ይችላል። ሕፃን በአዋቂ ሲታዘዝ ያምፃል፤ ለጨዋታ ሕግ ግን በፈቃዱ ይገዛል። ሕጉን ያወጣው እሱ ራሱ ከጓደኞቹ ጋር ተስማምቶ ስለ ሆነ፣ ሲጥሰው ጨዋታው እንደሚፈርስ ያውቃል። ስለዚህ በጨዋታ ውስጥ ሥርዓትና ነጻነት አይጣሉም። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ልጆች ቋንቋ ሳይጋሩ ሕግ መጋራት የሚችሉበት ስፍራም ጨዋታ ብቻ ነው።

ከቦይድ ተማሪዎች መካከል በ1906 በቺካጎ ከሩስያ ከመጡ አይሁዳውያን ቤተሰብ የተወለደችው ቫዮላ ስፖሊን ትገኝ ነበር። ከ1924 እስከ 1927 ከቦይድ ዘንድ ተማረች። ቀጥሎ የመጣው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ አሳጣ፤ የአሜሪካ መንግሥትም በ1935 ለሥራ አጦች ሥራ የሚፈጥር ታላቅ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ መንገድና ድልድይ ማሠራቱን የእኛ ሙያ ሰዎች ያውቁታል፤ የመዝናኛና የቴአትር ክፍል እንደ ነበረው ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። ስፖሊን ከ1939 እስከ 1941 በቺካጎ የዚሁ የመዝናኛ ክፍል የድራማ ኃላፊ ሆና ሠራች።

ያጋጠማት ችግር ተግባራዊ ነበር። ሕፃናትና ጎልማሶች፣ የተማሩና ያልተማሩ፣ እንግሊዝኛ የሚያውቁና የማያውቁ ሰዎች ከፊቷ ቀረቡ። ጽሑፍ ሰጥታ «አጥኑ» ብትል ግማሾቹ አያነቡም። «አዝን፤ ተቆጣ፤ ፍራ» ብትል ሁሉም ያስመስላሉ። ስለዚህ ከቦይድ የወረሰችውን የጨዋታ ሐሳብ ወደ መድረክ አሻገረችው። እያንዳንዱን የትወና ችግር አንድ ሕግና አንድ ዓላማ ወዳለው ጨዋታ ለወጠችው።

የአንድ ጨዋታ አሠራር

የስፖሊን ዘዴ በይበልጥ የሚታወቀው ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶቿ በአንዱ ነው። ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ በመድረክ ላይ በአንድ ረድፍ ይቆማል፤ ግማሹ ተቀምጦ ያያል። ለቆሙት ምንም ሥራ አይሰጣቸውም፤ ይታያሉ፣ ያያሉ፣ ያ ብቻ ነው። ጥቂት ሲቆይ አንዱ እግሩን ያቀያይራል፣ ሌላው ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ሦስተኛው እጁን የሚያደርግበት ያጣል። ጭንቀታቸው ፊታቸው ላይ ሲታይ፣ መሪዋ የወለሉን ሳንቃዎች ወይም በአዳራሹ ያሉትን ወንበሮች እንዲቆጥሩ ታዛቸዋለች። ወዲያው ትከሻው ይወርዳል፤ ትንፋሹ ይስተካከላል፤ ኃፍረቱ ይጠፋል። በኋላ ቦታ ይለዋወጡና ምን እንደ ተሰማቸው ይነጋገራሉ።

ይህን ልምምድ እንደ ሙከራ ብንመለከተው የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን እንረዳለን። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ ተመልካቹም ያው ነው። የተጨመረው የሚሠራ ሥራ ነው። አእምሮ በራሱ ላይ ማፍጠጡን ትቶ ከራሱ ውጭ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ ሰውነት ነጻ ይወጣል። ስፖሊን ይህን የማተኮሪያ ነጥብ የእያንዳንዱ ጨዋታ እምብርት አደረገችው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ መሪዋ ከዳር ሆና አጭር ቃል ትወረውራለች፤ «እርስ በርስ ተያዩ!»፣ «ገመዱን አታስረዝሙ!» እንደ ማለት ነው። በሦስተኛ ደረጃ ግምገማ ይከተላል፤ ግምገማውም «ጎበዝ ነበርህ» ወይም «ደካማ ነበርህ» አይደለም፤ «ችግሩ ተፈታ ወይስ አልተፈታም?» ነው። በእሷ አስተያየት የመምህርን ምስጋና የሚጠብቅ ተማሪና የመምህርን ወቀሳ የሚፈራ ተማሪ በአንድ ሰንሰለት የታሰሩ ናቸው።

ገመዱን ስጠቅስ ሁለት ቡድኖች የሌለ ገመድ የሚጓተቱበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። አንዱ ወገን ሲስብ ሌላው ወገን ካልተሳበ ተመልካቹ ገመዱ እንደ ተለጠጠ ወይም እንደ ተበጠሰ ያያል። ሁለቱም ወገን የሌላውን ኃይል እየተቀበለ ከሳበ ግን የሌለው ገመድ ይታያል። የድርጊትና የአጸፋ እኩልነትን ሕግ ያስተማረን መምህር በዚህ ጨዋታ ቢጀምርልን ኖሮ እንዴት በወደድነው! ትርጉም በሌለው ድምፅ እየተናገሩ ሐሳብን ማስተላለፍ፣ እየተጨመሩ በአካል አንድ ማሽን መሥራት፣ ቦታውን ሳይናገሩ ተመልካች እንዲያውቀው ማድረግ፣ እነዚህም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ተጫዋቾቹ አስቀድመው የሚስማሙት በሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ማን ነን? የት ነን? ምን እየሠራን ነው? «እንዴት» የሚለውን አስቀድሞ ማቀድ ክልክል ነው፤ «እንዴት» የሚመጣው ከባልደረባው ነውና።

ስፖሊን ከ1946 ጀምሮ በሆሊውድ የወጣት ተዋንያን ቡድን መርታለች። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ልምምዶችን የያዘው ዋና መጽሐፏም በ1963 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። እሷም በ1994 አረፈች።

ከመጠጥ ቤት እስከ ዓለም መድረክ

ጨዋታዎቹን ከትምህርት ክፍል ወደ ሕዝብ ፊት ያወጣቸው ልጇ ፖል ሲልስ ነው። ሲልስና ዴቪድ ሼፐርድ የተባለ ባልደረባው በ1955 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ባለ መጠጥ ቤት «ኮምፓስ» የተባለውን ቡድን አቋቋሙ። ተዋንያኑ የዕለቱን ጋዜጣ በድርጊት ያሳዩ፣ ባጭሩ ከተነደፈ ታሪክ ተነሥተው ተውኔት ይሠሩ፣ በመጨረሻም ከተመልካች ሐሳብ እየተቀበሉ በዚያው ይጫወቱ ነበር። በኋላ ስማቸው የገነነው ማይክ ኒኮልስና ኢሌይን ሜይ ከዚህ ቡድን የወጡ ናቸው።

ከኮምፓስ ታሪክ የምንማረው ድል ብቻ አይደለም። የሼፐርድ ሕልም የፋብሪካ ሠራተኛው የራሱን ኑሮ በራሱ ቋንቋ የሚያይበት የሕዝብ ቴአትር ማቋቋም ነበር። የመጣው ተመልካች ግን በአመዛኙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና መምህር፣ የተማረው የከተማ ሰው ሆነ። ጨዋታው ሳቅ ሲያመጣ ሳቁ ገበያ አመጣ፤ ገበያውም አጫጭርና አስቂኝ ትዕይንቶችን መረጠ። በታኅሣሥ ወር 1959 ሲልስ ከበርናርድ ሳህሊንስና ከሃዋርድ አልክ ጋር የከፈተው «ሰከንድ ሲቲ» የተባለው ቴአትር ቤት እጅግ ተሳክቶለት እስከ ዛሬ ድረስ በርካታ ዝነኛ የኮሜዲ ተዋንያንን አፍርቷል። በስደተኞች ሰፈር ለሚግባቡበት ቋንቋ ላጡ ልጆች የተፈጠረ መሣሪያ የታዋቂዎች መፈልፈያ ሆነ። ይህ ክስረት ነው ለማለት አይደለም፤ መሣሪያ ከተፈጠረበት ዓላማ ውጭ እንደሚሄድ ግን ማስተዋል ይገባል።

በለንደን፦ ሳንሱርና «እሺ» የማለት ጥበብ

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ሌላ ሰው በሌላ በር ወደዚሁ ክፍል ገባ። ኪት ጆንስተን በ1933 የተወለደ ሲሆን፣ አስቀድሞ በለንደን የሠራተኞች ሰፈር የሕፃናት መምህር ነበር። በ1956 በሮያል ኮርት ቴአትር የተውኔት ጽሑፎችን እንዲያነብና አስተያየት እንዲሰጥ ተቀጠረ፤ ከዚያም ተዋንያንንና ደራስያንን ማስተማር ያዘ።

በእንግሊዝ አገር በ1843 የወጣው ሕግ ማንኛውም ተውኔት ከመታየቱ በፊት ጽሑፉ ለቤተ መንግሥቱ ሹም ቀርቦ እንዲፈቀድ ያስገድድ ነበር። ይህ ሕግ እስከ 1968 ጸንቶ ቆይቷል። ታዲያ ገና ያልተነገረ ንግግር እንዴት ተጽፎ ይቀርባል? ሕጉ በቅጽበት የሚፈጠር ተውኔትን በስም ባይጠቅሰውም በተግባር ዘግቶበት ነበር። የጆንስተን ቡድን ሥራውን ትዕይንት ነው ከማለት ይልቅ በሕዝብ ፊት የሚሰጥ ትምህርት ነው እያለ ሲያሳይ ቆየ። መምህሩም መድረክ ላይ ቆሞ ጨዋታውን ይመራል፤ ያርማል። በዚህ ምክንያት ልምምዱና ትዕይንቱ አንድ ሆኑ።

ጆንስተን ያተኮረው ሰው ለምን ሐሳብ እንደሚያጣ በመመርመር ላይ ነው። መልሱም ሰው ሐሳብ አያጣም፤ የመጣለትን ሐሳብ ይገድለዋል የሚል ነው። ብልህ ለመምሰል፣ ላለመሳሳት፣ ላለመሳቂያነት ሲል የመጀመሪያውን ሐሳብ አፍኖ ሁለተኛውን ይፈልጋል። በባልደረባው ላይም እንዲሁ ያደርጋል። አንዱ «ወንድሜ፣ እጅህ እየደማ ነው» ሲል ሌላው «አይ፣ ቀለም ነው» ቢል ጨዋታው እዚያው ሞተ፤ «አዎን፣ በሩን ስሰብር ነው» ቢል ግን ታሪክ ተወለደ። የመጀመሪያውን መዝጋት፣ ሁለተኛውን መቀበል አለው። ለዚህም ቡድኑ ታሪክን በየተራ አንድ አንድ ቃል እየጨመረ የሚናገርበትን ልምምድ ይጠቀማል፤ በዚህ ጨዋታ ማንም ብቻውን ብልህ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ግኝቱ የማዕረግ ጨዋታ ነው። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ በቃላቸው ብቻ ሳይሆን በአቋቋማቸው፣ በዓይናቸው፣ በእጃቸው እንቅስቃሴ አንዱ ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱን ይነግራሉ። ተዋንያኑን ከባልደረባችሁ በጥቂቱ ብቻ ከፍ ወይም በጥቂቱ ብቻ ዝቅ በሉ ሲላቸው የደረቀው ትዕይንት ሕይወት ያገኝ ነበር። እኔ ይህን ክፍል ሳነብ ከሥዕሉ ቀና ሳልል ለፎርማኑ መልስ የሰጠሁበትን ቀን አስታወስሁ። የተናገርሁት ቃል ጨዋ ነበር፤ «ጋሼ» ብያለሁ፤ በአንቱታም ተናግሬአለሁ። ያልተነሣው አንገቴ ግን ሌላ ነገር ተናግሯል።

ጆንስተን በ1970ዎቹ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በዚያም በ1977 ሁለት ቡድኖች እንደ ነጻ ትግል በተመልካች ሆታ መካከል የሚወዳደሩበትን የቴአትር ግጥሚያ አስጀመረ፤ ግጥሚያውም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። በ1979 ያሳተመው መጽሐፍ ከስፖሊን መጽሐፍ ጎን የሚቀመጥ ነው። ያረፈው በ2023 ነው።

የብቻ ልምምድ

እስካሁን የተነገረው በአብዛኛው የቡድን ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ለብቻ የሚደረጉ ልምምዶችም አሉ። ጆንስተን ተማሪዎቹን በክፍሉ እየተዘዋወሩ ዓይናቸው ያረፈበትን ዕቃ ሁሉ በተሳሳተ ስም እየጠሩ እንዲጮሁ ያዛቸው ነበር፤ ወንበሩን «ዝሆን»፣ መስኮቱን «ዳቦ» እንደ ማለት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ የሰፋና ቀለሙ የደመቀ መስሎ እንደሚታያቸው ብዙዎቹ ይናገራሉ። ስፖሊን ደግሞ ለተወሰነ ጊዜ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ በአካባቢው ያሉትን ድምፆች ብቻ መስማትን፣ የሰሙትንም መለየትን ታዝዛለች። የመጀመሪያው አእምሮ በስያሜ ላይ ያለውን እስራት ያላላል፤ ሁለተኛው ጆሮን ያነቃል። ሁለቱም ገንዘብና መሣሪያ አይጠይቁም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ትምህርት ሳላነሣ ባልፍ ንፉግነት ይሆንብኛል። ከላይ ከተነገረው ታሪክ ጋር የዝምድና ሐረግ እንዳለው ለማስመሰል አልሻም፤ መንገዱ ግን የሚነጻጸር ነው። የቅኔ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ወይም ከወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ይህ የብቻ ልምምድ ነው። ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፤ ይህ ግምገማ ነው። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አንድ ጊዜ በማኅሌት የተሰጠ ቅኔ ደግሞ እንደ አዲስ አይደገምም፤ ለበዓሉ አዲስ ይዘረፋል። ኮሜዲያኖቹ ግምጃ ቤታቸውን እንዳደራጁት ሁሉ፣ ሊቃውንቶቻችንም የቅጽበት ፈጠራ በረጅም ዘመን ትምህርት ላይ የሚቆም መሆኑን ያውቃሉ።

የአዝማሪው ቤት ምሳሌነት ከዚህ ይቀርባል። እንግዳው «ተቀበል!» ይላል፤ ግጥሙንም ይሰጣል። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር ግጥሙን ይቀበለዋል፤ የራሱን ማከሉም የሚመጣው ከተቀበለ በኋላ ነው። ጆንስተን ብዙ ገጽ የጻፈለት ሕግ በእኛ ዘንድ በአንድ ቃል ትእዛዝ ተነግሯል።

ወደ ሙያችን ስንመለስ

መሐንዲስ የሆነ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ትክክለኛ ተቃውሞ ያነሣል። የእኛ ሥራ «አይሆንም» በማለት የሚጠበቅ ሥራ ነው። ሲሚንቶው ያነሰውን ኮንክሪት፣ ቁጥሩ የጎደለውን ፌሮ «እሺ» ብሎ የሚቀበል መሐንዲስ ሰው ይገድላል። ይህ ተቃውሞ የሚነሣው መቀበልን ከመስማማት ጋር በማመሳሰል ነው። ተዋናዩ የሚቀበለው ባልደረባው የተናገረው ነገር መነገሩን ነው፤ ሰምቶታል፣ መስማቱንም አሳይቷል፤ ቀጥሎ የሚሠራውን በዚያ ላይ ይሠራል። መሐንዲስም ሐሳቡን ሰምቶ፣ ለክቶ፣ «አይሆንም» ሊል ይችላል። እኔ በዚያ ቀን ያጠፋሁት «አይሆንም» ማለቴ አይደለም፤ ሳልሰማና ሳልለካ ማለቴ ነው።

ይህን ያሰበው እኔ ብቻ አይደለሁም። በወጣትነቱ ከፖል ሲልስ ዘንድ እነዚህን ጨዋታዎች የተለማመደው አሜሪካዊው ተዋናይ አለን አልዳ፣ ጨዋታዎቹ የሳይንስ ሰዎችን ይረዱ እንደሆነ ለማየት የመጀመሪያ ሙከራውን ያደረገው በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎች ላይ ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ሥራቸው አጭር ንግግር አደረጉ፤ ቀጥሎ ጨዋታዎቹን ተጫወቱ፤ ከዚያ እንደገና ተናገሩ። በሁለተኛው ጊዜ ዓይናቸው ከወረቀት ተነሥቶ በአድማጩ ላይ አረፈ። በ2009 በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ተግባቦት ማእከል ሲቋቋም የስፖሊን ልምምዶች የትምህርቱ አካል ሆኑ። ከስደተኞች ሰፈር የወጣው መሣሪያ በሰባ ዓመቱ ሐሳባቸውን ለሌላው ማስተላለፍ ወደ ተሳናቸው ሰዎች ተመለሰ ማለት ነው፤ የአሁኖቹ ግን ባለ ዲግሪዎች ናቸው።

በምሠራበት ቦታ ዛሬ ሁለት ልማዶች አሉኝ። አንደኛው የብቻ ነው፤ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለአሥር ደቂቃ ያህል ያለ ሥዕል ቦታውን እዞራለሁ፤ የምሰማውንና የማየውን ብቻ ለራሴ እናገራለሁ። ሁለተኛው የቡድን ነው፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ስብሰባ እኔ የምናገረው ከሁሉ በኋላ ሲሆን፣ ማንም የሌላውን ሐሳብ ከመቃወሙ በፊት የተባለውን በራሱ ቃል መልሶ መናገር አለበት። የመስተዋቱ ጨዋታ ወደ ንግግር ተለውጦ ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ግንበኛ በዚሁ ስብሰባ ላይ የመደገፊያው ግንብ ዘንበል ያለ እንደሚመስለው ተናገረ። መልሼ ነገርሁት፤ ቀያሹንም ጠራን፤ ተለካ። ግንቡ ቀጥ ያለ ነበር፤ ግንበኛው ተሳስቶ ነበር። ግማሽ ቀን ጠፋብን። በተከታዩ ሳምንት ያው ግንበኛ እጁን አነሣና ስለ ውሃ መውረጃው ሌላ ሐሳብ አለኝ አለ። ያን ግማሽ ቀን በወጪ መዝገብ ላይ ስጽፍ ቅር አላለኝም።